ገደል ሁሉ ፎልት አይደለም፦ ከደሴ እስከ ካራቆሬ በኮንቱር ካርታ

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ አልረጋ ብሎ አዲስ አበባ ያሉ ፎቆች ድረስ ሲወዛወዙ፣ ጂኦሎጂ እንደተማርኩ የሚያውቅ ሁሉ ይደውልልኝ ነበር። ጥያቄው አንድ ነው። ስንጥቁ የት ነው ያለው? በኛ በኩል ያልፋል? ኮምቦልቻ የምትኖረው አክስቴ ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። «ልጄ፣ አንተ የተማርከው ይሄንኑ አይደል እንዴ፣ እኛስ ጋ ይመጣል?» አለችኝ።

ይሄ በስልክ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። አጠገቤ ሆና አንድ ካርታ ዘርግተን ብናይ ግን የመልሱን ግማሽ በራሷ ዓይን ታገኘው ነበር። ቶፖግራፊ ካርታ፣ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳየው፣ አገራችን ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም ብዬ አምናለሁ። ትምህርት ቤት ኮንቱር ተምረናል፣ ለፈተና ሸምድደናል፣ ከዚያ በቃ ረስተነዋል። እኔም ብሆን ካርታውን የወደድኩት ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ የጉድጓድ ውሃ የሚቆፈርበትን ቦታ ስመርጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ፎልት በካርታ ላይ እንዴት እንደሚታይ ልጽፍላችሁ ነው። ምሳሌዬም በደንብ የማውቀው አገር ነው፤ ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻ፣ በሐርቡና በከሚሴ አድርጎ እስከ ካራቆሬ የሚወርደው የቦርከና ሸለቆ።

መጀመሪያ ፎልት ምንድን ነው የሚለውን እንጨርስ። ዓለት ስለተሰነጠቀ ብቻ ፎልት አይባልም። ስንጥቅ የትም ቦታ አለ፤ ላቫ ሲቀዘቅዝም ይሰነጠቃል። ፎልት የሚባለው ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለው ዓለት አንዱ በሌላው ላይ ተንሸራቶ ቦታውን ሲለቅ ነው። የኛ አገር ፎልቶች አብዛኞቹ የመለጠጥ ልጆች ናቸው። የምድር ቅርፊት ፕሌት በሚባሉ ግዙፍ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ ምሥራቁ የሶማሊያ ፕሌት ከምዕራቡ የኑቢያ ፕሌት ይርቃል፤ በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ላይ ፍጥነቱ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መሬት ሲለጠጥ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ ይበጠስና አንዱ ወገን ወደ ታች ይንሸራተታል። ሁለት ፎልቶች ፊት ለፊት ከተያዩ መሐላቸው ያለው መሬት ይሰምጣል። እሱን ግራበን እንለዋለን። ከፍ ብሎ የቀረው ወገን ሆርስት ነው። የቦርከና ሸለቆ ግራበን ነው። ደሴ ከተማ ራሷ፣ በምዕራብ ጦሳን በምሥራቅ አዝዋ ገደልን ይዛ የተቀመጠችው፣ ሌላ ትንሽ ግራበን ውስጥ ናት። ይህን ለደሴ ልጆች ስነግራቸው ብዙዎቹ ይገረማሉ፤ ተራራ ላይ ያለ ከተማ ሰምጦ እንዴት ይሆናል ይሉኛል። ከፍታ ላይ መሆንና ከጎረቤት መሬት አንጻር መስመጥ አይጣሉም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሆናም ከሁለት በኩል የከበቧት ግድግዳዎች ከሷ ይበልጣሉ።

አሁን ወደ ካርታው።

ኮንቱር እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር ነው። ለማየት እንዲቀላችሁ የቦርከናን ሸለቆ ውሃ ሞልቶት ሐይቅ ሆነ በሉ። ውሃው አፋፍ የሚነካበትን ዳርቻ በእርሳስ አሥምሩ። 20 ሜትር ይጉደል፣ እንደገና አሥምሩ። ደግሞ 20 ሜትር። እስከ ታች ድረስ። ከላይ ስታዩት የሚቀረው ሥዕል ኮንቱር ካርታ ነው። በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ኤጀንሲ የታተመው ባለ 1:50,000 ካርታም የሚሠራው እንዲሁ በ20 ሜትር ልዩነት ነው፤ በየ100 ሜትሩ ያለው መስመር ወፈር ብሎ ቁጥር ተጽፎበታል። አንድ ሴንቲ ሜትር ወረቀት 500 ሜትር መሬት ነው። አንዱ ቅጠል፣ ማለትም አንዱ የካርታ ወረቀት፣ ከዳር እስከ ዳር 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ኤጀንሲው ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ገብቷል።

መስመሮቹ ሲጠጋጉ መሬቱ ገደላማ ነው፣ ሲራራቁ ሜዳ። ይህን ሁሉም ያስታውሳል። ግን በቁጥር ስታደርጉት ነው ነፍስ የሚዘራው። ሁለት ሚሊ ሜትር ወረቀት ውስጥ 100 ሜትር ከፍታ ከወረዳችሁ፣ ሁለት ሚሊ ሜትሩ ራሱ 100 ሜትር ስለሆነ፣ 45 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ ናችሁ ማለት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በአየር መስመር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በካርታው ላይ 24 ሴንቲ ሜትር። በዚያ ውስጥ 650 ሜትር ትወርዳላችሁ፣ ሠላሳ ምናምን መስመር መቁረጥ ማለት ነው። ከኮምቦልቻ ከሚሴ ደግሞ በአየር 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ የምትወርዱት 400 ሜትር ብቻ ነው። 86 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ሃያ መስመር። አንዱ መንገድ ግድግዳ ይወርዳል፣ ሌላው ወለል ላይ ይሄዳል። መኪና ውስጥ ተኝታችሁም ቢሆን ጆሯችሁ ልዩነቱን ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። መስመር የተጨናነቀበትን ሁሉ እያየ «ይሄው ፎልት» ይላል። ገደል ሁሉ ፎልት አይደለም! ጎሃ ጽዮን ላይ ቆማችሁ ደጀንን ስታዩ መሐላችሁ ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ገደል አለ፤ ያን ያህል የቆረጠው ግን በዋናነት ውሃ ነው፣ ዓባይ ነው። ደጋው የተሠራው ተደራርቦ ከተነጠፈ ላቫ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ አለ። ጠንካራው ንጣፍ ገደል ሆኖ ይቆማል፣ ለስላሳው ይሸረሸርና ተዳፋት ይሆናል። እንዲህ ያለው ገደል በካርታ ላይ ጠባዩ ይታወቃል። ከፍታውን አይለቅም። 2,200 ሜትር ላይ ከጀመረ በየጅረቱ ጉያ እየገባ፣ በየተራራው አፍንጫ እየዞረ፣ ኪሎ ሜትሮችን ተጉዞም እዚያው 2,200 ሜትር አካባቢ ታገኙታላችሁ። እንደ ኮንቱሩ ይጠማዘዛል፣ ምክንያቱም ንጣፉ ራሱ አግድም ነው።

ፎልት የሠራው ገደል ግን ለከፍታም ለጅረትም ደንታ የለውም። ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሸንተረሩን ይቆርጣል፣ ሸለቆውን ይሻገራል፣ ከወዲያ ማዶ ይቀጥላል። ስለዚህ ካርታ ስታነቡ ዓይናችሁ ገደሉ ስንት ሜትር ነው የሚለው ላይ አይትከል። ቀጥተኛነቱን ፈልጉ። ዓይናችሁን ወደ ወረቀቱ ዝቅ አድርጋችሁ በአግድም ስትመለከቱት፣ ከላይ ሲታይ የተበታተነ የሚመስለው ሁሉ ድንገት በአንድ መስመር ይሰለፋል። እኔ ይህን ሳላደርግ ካርታ አልጀምርም።

ለምን ቀጥ አለ ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ቆንጆ ነው። ፎልት መስመር ሳይሆን ወደ መሬት ውስጥ የሚገባ ገጽ ነው፣ ያዘነበለ ግድግዳ በሉት። ገጹ ሸለቆ ሲያቋርጥ በካርታ ላይ የቪ ቅርጽ መሥራት አለበት፤ ሸለቆው ውስጥ መሬቱ ዝቅ ስለሚል የምታገኙት የገጹን የታችኛውን ክፍል ነው፣ እሱም ወዳዘነበለበት በኩል ገፋ ብሎ ነው ያለው። ገጹ በጣም ጋደም ያለ ከሆነ ቪው ትልቅ ነው። የኛ ፎልቶች ግን ወደ ታች ቀጥ ብለው የሚገቡ ናቸው፣ ከአግድም 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ መሆናቸው የተለመደ ነው። እስቲ እናስላው። 60 ዲግሪ ያዘነበለ ገጽ 100 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ ወደ ጎን የሚሄደው 58 ሜትር ብቻ ነው። በ1:50,000 ካርታ ላይ ይሄ ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፣ የእርሳስ ጫፍ ውፍረት ማለት ነው። ሸለቆው በጣም ጥልቅ ካልሆነ በቀር ጎልቶ የሚታይ ጥምዝ አያሳይም። ጋደም ያለ ፎልት ባለበት አገር የሚሠራ ሰው ይህን ያህል ዕድለኛ አይደለም።

በሉ አሁን ቦርከናን ተከትለን እንውረድ። ወንዞቹን አስቀድሙ፤ ከሁሉም በላይ ፎልትን የሚያጋልጡት እነሱ ናቸው። ኮንቱር ወንዝ ሲያቋርጥ ጫፉ ሁልጊዜ ወደ ወንዙ መነሻ ያመለክታል፤ ስለዚህ ቀስት ባይሳልበትም ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ቦርከና ከደሴ በላይ ከኩታበር በኩል ተነስቶ ከተማዋን ያልፍና ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ዶሮ መዝለያ ላይ ሸለቆው ጠቦ፣ መስመሮቹ ተጣብቀው ታገኟቸዋላችሁ። ወንዙ በደሴና በኮምቦልቻ ግራበኖች መሐል ያለውን ሆርስት እየቆረጠ ነው የሚያልፈው። እስከዚህ ምንም የሚገርም የለም፣ ከደጋ ወደ ምሥራቅ እየወረደ ነው፣ አፋርም በምሥራቅ ነው ያለው። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ሲደርስ ግን ምሥራቁን ይተወዋል። ወደ ደቡብ ይታጠፍና በሐርቡ፣ በከሚሴ አድርጎ ለአሥርታት ኪሎ ሜትሮች ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ከዚያ ደቡብ ላይ መውጫ አግኝቶ ወደ አዋሽ ይዞራል።

ወንዝ ያለ ምክንያት እንዲህ አይታጠፍም። በምሥራቅ በኩል የሆነ ነገር ዘግቶታል። ካርታው ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ጣታችሁን ስትነዱ ቁጥሮቹ መውረድ ሲገባቸው እንደገና ይጨምራሉ። የባቲን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ ወደ አፋር ቆላ እየወረድኩ ነው ብሎ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻን እንደለቀቀ መኪናው ዳገት ይጀምራል። ያ ዳገት ሌላ ሆርስት ነው። ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደጋው ያዞረ ፎልት አለው፣ ቦርከናን የገደበውም እሱ ነው። እንዲህ ዓይነት የጠርዝ ግራበኖች በአፋር ምዕራባዊ ዳርቻ በሙሉ በየቦታው አሉ፤ ሸዋሮቢትም እንደዚሁ ባለ አንድ ግራበን ውስጥ ናት። ከደጋው ወደ አፋር መውረድ ማለት አንድ ትልቅ ገደል መዝለል ሳይሆን መውረድ፣ መውጣት፣ ደግሞ መውረድ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ጨፋ ነው። ከሚሴ አካባቢ ያለውን ረግረግ ካርታው በሰማያዊ ምልክት ያሳያችኋል። ከብት አርቢዎች በበጋ ከሩቅ የሚመጡለት ግጦሽ ነው። ረግረጉ የተኛው የሰመጠው መሬት ላይ ነው፤ ወለሉ ዝቅ ሲል ውሃና ደለል እዚያ ይጠራቀማል። ኮንቱሮቹም እዚህ ቦታ በጣም ተራርቀው፣ አንዱን ከሌላው ለማግኘት ጣት መጓዝ ያለበት ይሆናሉ። ከዚያ ከዳር ስትደርሱ ድንገት ተጨናንቀው ይቆማሉ። ሜዳው በዝግታ ወደ ተዳፋት፣ ተዳፋቱ ወደ ተራራ እያለ አይሄድም። ሜዳ፣ ከዚያ ግድግዳ። ሽግግሩ ስለታም በሆነበት ቦታ ላይ እርሳስ አሳርፉ።

ሦስተኛው፣ የግድግዳውን ፊት ራሱን ተመልከቱ። ጅረቶች ሲቆራርጡት በመሐላቸው የሚቀሩት አፍንጫዎች ጫፋቸው የተቆረጠ ይመስላል፣ ፊታቸው ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። በካርታ ላይ ኮንቱሮቹ አፍንጫው ላይ ሲደርሱ እንደመዞር ቀጥ ብለው ያልፋሉ። የነዚህን የተቆረጡ አፍንጫዎች ግርጌ በማስመሪያ አገናኙ። አራት አምስቱ አንድ መስመር ላይ ከዋሉ ጨዋታው አልቋል ማለት ይቻላል። ጅረቶቹ ከግድግዳው ሲወጡም የተሸከሙትን ጠጠርና አሸዋ በማራገቢያ ቅርጽ ይዘረጉታል፤ ኮንቱሩ እዚያ ወደ ውጭ ያብጣል። ብዙ የወሎ መንደሮች የተቆረቆሩት እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ነው፣ ውሃ ቅርብ ነው፣ መሬቱ ለም ነው። ጎርፍም ቅርብ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካርታው ካራቆሬ ያደርሳችኋል። እዚህ ላይ ጂኦሎጂ የመማሪያ ክፍል ነገር መሆኑ ያበቃል። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር በዚህ አካባቢ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ትልቁ በመጠኑ ከ6 በላይ ነበር። ማጀቴ ከተማ ፈረሰች። ካራቆሬ ውስጥም ብዙ ቤት ወደቀ። መሬቱ ተሰነጠቀ፣ ከአዲስ አበባ አሥመራ የሚወስደው መንገድም ተበላሸ። ይህን በዝርዝር መዝግበው ያቆዩልን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን የመሠረቱት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን ናቸው፤ ባለውለታችን ናቸው ብዬ አምናለሁ። የመንቀጥቀጡን ታሪክ አንብባችሁ ካርታውን ስታዩ፣ የፈረሱት ከተሞች ከቦርከና ጋር ስንከተለው የመጣነው የፎልት ቀበቶ ደቡባዊ ጫፍ ላይ መሆናቸው ግልጽ ይላል።

ታዲያ ትልቁ ግድግዳ ያለበት ቦታ ሁሉ አደገኛው ነው ማለት ነው? አይደለም። ይህን በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ኮንቱር ካርታ ሊያሳስታችሁ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ሸዋሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአየር መስመር ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ያን ሁሉ ልዩነት የሠራው አንድ ቀን አይደለም። በመጠኑ 6 የሆነ መንቀጥቀጥ ፎልቱን የሚያንሸራትተው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር በታች ነው። ስለዚህ ግድግዳው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት የተጠራቀመ ሒሳብ ነው፤ ድምሩን እንጂ የመጨረሻው ክፍያ መቼ እንደተከፈለ አይነግራችሁም። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ዛሬ አብዛኛው እንቅስቃሴ ያለው ከዳርቻው ግድግዳ ላይ ሳይሆን ወለሉ መሐል ነው። ጂኦሎጂስቱ ፖል ሞር የወንጂ ፎልት ቀበቶ ብሎ የሰየመው እሱ ነው፤ ከሐዋሳ በኩል በዝዋይ፣ በወንጂ፣ በፈንታሌ አድርጎ ወደ አፋር የሚወጣ የትንንሽ ፎልቶችና የእሳተ ገሞራ ጉብታዎች ሰልፍ። ፎልቶቹ ወጣት ስለሆኑ ገና ብዙ አልተጠራቀመላቸውም። ብዙዎቹ ጥቂት ሜትር፣ አሥር ሜትር፣ አንዳንዱ ብዙ አሥር ሜትር ነው። በ20 ሜትር ልዩነት የተሠራ ካርታ ደግሞ አሥር ሜትር ያለውን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ሊያልፈው ይችላል። አንድም መስመር ላይቆርጥ ይችላል! በጣም ሕያው የሆነው ፎልት ካርታው ላይ የማይታየው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ካርታ ብቻውን በቂ አይደለም የምለው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት ተሰንጥቆ፣ ከሥሩ ማግማ፣ ማለትም የቀለጠ ዓለት፣ ገብቶ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ያን ያህል ነገር በሳምንታት ውስጥ ነው የሆነው። የተለካው በሳተላይት ራዳር ነው። በ2017ቱም የፈንታሌና የዶፈን መንቀጥቀጥ እንደዚያው፤ ከመስከረም ጀምሮ እየተመላለሰ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 5.7 ገደማ፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 ደረሰ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። እዚያም ከሥር የሚገፋው ማግማ ነበር። ከአየር ፎቶ የተሠራ የድሮ ካርታ ይህን ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው፦ እንዲህ ያለው ነገር የት የት ሲደጋገም እንደኖረ።

ለአክስቴ የነገርኳትም ይህንኑ ነው። የፈንታሌው ማግማ ተጉዞ ኮምቦልቻ አይመጣም፣ በመሐል ያለው ርቀት ብዙ ነው፤ ያንን ፈርታ እንቅልፍ እንዳታጣ። ኮምቦልቻ ግን የራሷ ፎልቶች አሏት፣ የ1953ቱም መንቀጥቀጥ ከሷ ሩቅ አልነበረም። ስለዚህ ቤት ስትሠሩ ብረቱንና ሲሚንቶውን አትሰስቱ፣ ግድግዳና ጣሪያ በደንብ ይታሰሩ፣ አፋፍ ሥር ያለ ርካሽ ቦታ አያማልላችሁ አልኳት። የአገሪቱ የሕንፃ ደንብም ስምጥ ሸለቆውንና ጠርዙን ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ቀጠናዎች መድቧል። ደንቡ አለ። ወረዳ ላይ የትምህርት ቤት ወይም የጤና ጣቢያ ቦታ ሲመረጥ ግን ያን አንድ ቅጠል ካርታ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ሰው እምብዛም አላየሁም። ይህ ያበሳጨኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚጠይቅ ነገር ነው።

ፎልት ክፉ ነገር ብቻ ተደርጎ እንዳይታሰብ ደግሞ ውሃውንም ላንሳ። የተሰባበረ ዓለት ውሃ ያሳልፋል። አዲስ አበባ ፍል ውሃ የፈለቀው ፎልት ላይ ነው፤ ሶደሬም የስምጥ ሸለቆው ፎልቶችና ሙቀት ስጦታ ነው። ለጉድጓድ ቦታ ስፈልግ መጀመሪያ የማደርገው ካርታው ላይ ምንጮችን መክበብ ነው። ሦስት ምንጭ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ካገኘሁ ልቤ ይመታል። ሁለት ፎልት የሚገናኝበት ቦታ ከሆነማ ሌላ ነው። አንዳንዴ ግን ፎልት ራሱ ዓለቱን አድቅቆ ሸክላ ያደርገውና ውሃውን ያግዳል፤ በአንደኛው ወገን ውሃ ቅርብ ሆኖ በሌላው ደረቅ ጉድጓድ ይገጥማል። ወለሉ መሐል፣ ዝዋይና ላንጋኖ አካባቢ፣ ደግሞ ውሃው ቢገኝም ፍሎራይዱ ከሚፈቀደው በላይ ሊሆን ይችላል፣ ጥርስና አጥንት ይጎዳል። እዚያ ላይ ከካርታው በፊት ላብራቶሪው ይቀድማል።

መሞከር ለምትፈልጉ፣ በጣም ቀላል ነው። የአካባቢያችሁን ቅጠል አግኙ። ላዩ ላይ ትሬሲንግ ፔፐር አድርጉና ወንዞቹን ብቻ በሰማያዊ ገልብጡ። ከዚያ ካርታውን አውጡት። ወንዞቹን ብቻቸውን ስታዩአቸው፣ በቀኝ ማዕዘን የሚታጠፉት፣ ጎን ለጎን የሚሄዱት፣ ተያይዘው አንድ መስመር ላይ የሚታጠፉት ወዲያው ዓይን ይገባሉ። ቀጥሎ ካርታውን መልሱና ቀጥ ያሉትን የኮንቱር ጥቅጥቆች በቀይ አሥምሩ። ቀይና ሰማያዊው የተጋጠሙበት ቦታ ላይ አንድ የጎን ቁራጭ፣ ማለትም መሬቱ በቢላ ተቆርጦ ከጎን ቢታይ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ሥሩ፤ ወረቀት ጠርዝ ላይ ኮንቱሮቹን ምልክት አድርጋችሁ ከፍታቸውን ወደ ላይ መለካት ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ከፍታውን ከርቀቱ አታጋንኑት። ብዙ ሰው ቁራጩን አሥር እጥፍ አርዝሞ ይሥልና ተዳፋቱ ሁሉ ገደል ይሆንበታል።

ወረቀቱ ካልተገኘም ስልክና ኮምፒውተር አለ። በ1992 ዓ.ም. ከጠፈር መንኮራኩር ላይ በራዳር የተለካው ኤስአርቲኤም የሚባለው የከፍታ መረጃ በነፃ ይወርዳል፤ ኪውጂአይኤስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ ጭናችሁ በፈለጋችሁት ልዩነት ኮንቱር ማውጣት ትችላላችሁ። ጥላ አድርጉለት፣ ብርሃኑን ከሰሜን ምዕራብ ብቻ ሳይሆን ከምሥራቅም እያዞራችሁ እዩት፤ ከአንድ አቅጣጫ የጠፋው ፎልት ከሌላው ቦግ ብሎ ይወጣል። የመረጃው ነጥቦች በ30 ሜትር ርቀት ላይ ስለሆኑ ግን ከእውነቱ በላይ የደቀቀ ኮንቱር አታስወጡት፤ በ2 ሜትር ልዩነት ብታዙት ይሥልላችኋል፣ የሚሥለው ግን ብዙው የመረጃው ስህተት እንጂ እውነተኛ መሬት አይደለም።

አንድ የመጨረሻ የተግባር ነገር። የድሮዎቹ ካርታዎች የተሠሩት ቦታ በሚለካበት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው፣ ስልካችሁ ግን የሚያወራው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ነው። በሁለቱ መካከል ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ልዩነት አለ፣ ወረቀቱ ላይ አራት ሚሊ ሜትር። ፎልት ለሚፈልግ ሰው ይሄ ትልቅ ነው፤ ግድግዳው ሥር ነኝ ሲል ሜዳ ላይ ይቆማል። ከመውጣታችሁ በፊት ጂፒኤሱን ወደ አዲንዳን ቀይሩት። ቦታው ስትደርሱ የመንገድ ቆረጣ ፈልጉ፣ ዓለቱ ተፈጭቶ ዱቄት የመሰለበት፣ ወይም ፊቱ ተወልውሎ የጭረት መስመር ያለበት። ጭረቶቹን በእጃችሁ ዳስሱ፣ ኮምፓስ ካላችሁ አቅጣጫቸውን ለኩ፤ መሬቱ የተንሸራተተው በዚያ በኩል ነው።